ብርድ ሞልቶ መብራት ጎድሎ

እስቲ ከስሙ እንጀምር። እኛ አገር ‹‹ሲፒዩ›› ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠው ሙሉ ሳጥን ነው። ‹‹ሲፒዩው አልነሣ አለ››፣ ‹‹ሲፒዩውን አምጣውና ይታይ›› ይባላል። ጠጋኙና ባለቤቱ እስከተግባቡ ድረስ እኛ ክርክር አንገጥምም። ሲፒዩ ማለት ግን በሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ ተጣብቃ፣ ማራገቢያ ተደፍቶባት የምትኖር፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ፕሮሰሰር ናት። ያም ሆኖ የሕዝቡ አጠራር የያዘው እውነት አለ፤ ፕሮሰሰሯ ብቻዋን ምንም ናት። የሚያጎርሳት ፓወር ሰፕላይ እና ሙቀቷን የሚወስድላት ነፋስ ከሌሉ የአሸዋ ቁራጭ ነች። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው፤ ስለሚገባው መብራትና ስለሚወጣው ሙቀት። ታሪኩን የምናየው ደግሞ ከሊማሊሞ አፋፍ፣ ከደባርቅና ከዳባት ላይ ሆነን ነው።

ለምን ከደባርቅ? አንደኛ ነገር ብርድ አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ወገራን አቋርጦ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ የመጣ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ወጣቶች ስለ ኮምፒውተር ሙቀት ሲጫወቱ ‹‹ደባርቅ ብትኖር ፋን ባላስፈለገህ!›› ቢባባሉ አይገርምም። ቀልዱ ግማሽ እውነት ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የቀረው ግማሽ ነው።

ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው ነገር ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ፕሮሰሰር የምትሠራው በሰዓት ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት ሲመታ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። ፋብሪካው ‹‹በሰከንድ ይህን ያህል ሚሊዮን ጊዜ›› ብሎ ይወስንላታል። ባለቤቱ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ከተወሰነው በላይ ካስመታት ኦቨርክሎክ አደረጋት ይባላል። 40 ኩንታል የተፈቀደለትን አይሱዙ 60 ጭኖ ሊማሊሞን እንደማስወጣት ቁጠሩት። ይወጣል? ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ዋናዎቹ ተዋንያን ሹፌሩ ሳይሆን ነዳጁና ራዲያተሩ ይሆናሉ።

የዚህ ጨዋታ ወርቃማ ጊዜ የሚጀምረው ከነሐሴ 1990 ዓ.ም. ነው ብንል ብዙ የሚቃወመን አይኖርም። በዚያ ወር ኢንቴል ‹‹ሴሌሮን 300ኤ›› የምትባል የርካሽ ገበያ ፕሮሰሰር አወጣ። ዋጋዋ 150 ዶላር ገደማ ነበር። የማዘርቦርዱን 66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 አባዝታ 300 ሜጋኸርዝ ትሠራለች። አንዳንድ ብልጦች 66ቱን ወደ 100 ከፍ አደረጉትና በ4.5 ሲያባዙት 450 ሆነ! ያኔ 450 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም 2 ከ600 ዶላር በላይ ነበር የሚሸጠው። የአራት እጥፍ ዋጋ ያለው ዕቃ በአንድ ሴቲንግ ለውጥ ተገኘ ማለት ነው። ወሬው ባሕር ማዶ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። አንዳንዷ ፕሮሰሰር ያለ ምንም ማባበያ እሺ አለች፤ አንዳንዷ ግን ትንሽ ቮልቴጅ ካልተጨመረላት በጄ አልልም አለች። ዕዳው የሚመጣው በዚህች ‹‹ትንሽ ቮልቴጅ›› በኩል ነው።

ፕሮሰሰር የምትበላው ኃይል ፍጥነቷ ባደገ መጠን ያድጋል። ቮልቴጇ ሲጨምር ግን ፍጆታዋ የሚያድገው በካሬ ነው። በቁጥር እንየው፦ ፍጥነቱን 20 በመቶ፣ ቮልቴጁን 10 በመቶ አሳደግን እንበል። 1.2 ሲባዛ በ1.1፣ እንደገና ሲባዛ በ1.1፤ ውጤቱ 1.45 ነው። 65 ዋት ትበላ የነበረችው ፕሮሰሰር አሁን 94 ዋት ትፈልጋለች። 20 በመቶ ፍጥነት ለመግዛት 45 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልን። የበላችው ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ወፍጮ ቢያንስ ዱቄት ያስረክባል፤ ፕሮሰሰር ግን ከመብራት አንፃር ካያችኋት ትንሽ ምድጃ ነች፣ የምታስረክበው ትኩሳት ብቻ ነው።

እንግዲህ ባሕር ማዶ ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ጋ ምን ነበር? ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነበር፤ ከሴሌሮኗ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ‹‹የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን›› ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ‹‹ኮርፖሬሽን›› ሆነ። (በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አመንጪውና አከፋፋዩ ለሁለት ተከፈሉ። ሕዝቡ ግን ይህ ሁሉ የስም ለውጥ ሳይነካው እስከ ዛሬ ‹‹መብራት ኃይል›› ነው የሚለው። አይፈረድበትም፤ የሚያየው ወይ መብራቱን ነው ወይ ጨለማውን።)

ዳባት ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በዳባት ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቋመ። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቆላው እስከ ደጋው በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገባና እንደወጣ ይመዘግባሉ። መዝገቡም ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በአገራችን የሰው ልጅ ልደትና ሞት በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ከሚቆጠርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ዳባት ነው፤ ከተማ ያለን ሰዎች አለመስማታችን ያሳዝናል። ለጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ይህ ነው፦ እንዲህ ላለ መዝገብ 300 ሜጋኸርዝ ከበቂ በላይ ነው፤ 450 ማድረግ ምንም አይጨምርለትም። የመረጃ ቋት ጠላቱ ዝግታ ሳይሆን እየተጻፈ ሳለ ድርግም ማለት ነው። ግማሽ ተጽፎ የተቋረጠ ፋይል ካልተጻፈው ይብሳል። የባሕር ማዶው ወጣት ‹‹ምን ያህል ልጨምር?›› ብሎ በሚጨነቅበት ዘመን የኛ ሰው ጭንቀት ‹‹ይቆይልኝ ይሆን?›› ነበር። ሁለቱም የፓወር ሰፕላይ ጥያቄዎች ናቸው።

ፓወር ሰፕላይ ማለት ሰው ሁሉ የሚንቀው፣ ከኬዙ ጋር ‹‹በነፃ›› የሚመጣው የብረት ሳጥን ነው። ሥራው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት መቀየር ነው። ከዚያ ማዘርቦርዱ ወደ አንድ ቮልት ገደማ አውርዶ ለፕሮሰሰሯ ያጎርሳታል። በድሮው አሠራር ፕሮሰሰር የምትመገበው ብዙውን ጊዜ ከ5 ቮልቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ፔንቲየም 4 ስትመጣ ምግቡ ስላልበቃት ባለ አራት እግሯ የ12 ቮልት ገመድ ተጨመረች። ዛሬ ስምንት እግር ያወጣችው እሷ ናት። አስቡት እንግዲህ፣ በአንድ ቮልት 94 ዋት ማለት 94 አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ይብላ ቢባል ከግድግዳው የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው። የምጣዱን ስድስት እጥፍ አምፔር ጥፍር በምታህል ቁራጭ ውስጥ ማሳለፍ ነው ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው!

ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ላይ ‹‹500 ዋት›› ተብሎ ይለጠፋል። መለጠፊያ ወረቀት ርካሽ ነው። ውስጡ ሲከፈት ቀጫጭን ሽቦና ለግማሹም የማይበቃ ትራንስፎርመር የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ልምድ ያላቸው ጠጋኞች በክብደቱ የሚለዩት ለዚህ ነው፤ አንሥተው መዘን አድርገው ‹‹ይሄ ቀላል ነው›› ካሉ ነገሩ አለቀ። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ዓለምን ያዳረሰው የካፓሲተር ወረርሽኝ አለ። ፈሳሽ መሙያቸው የተበላሸ ካፓሲተሮች በየማዘርቦርዱና በየፓወር ሰፕላዩ ላይ አናታቸው እያበጠ ይፈነዱ ነበር። የዚያ ዘመን ‹‹ኮምፒውተሬ ዝም ብሎ ይጠፋል›› ብሶት ሁሉ የመብራት ኃይል ጥፋት አልነበረም ማለት ነው።

ሁሉም ባይሆንም ግን አንዳንዱ የሱ ነበር። ኤሌክትሪክ ረዥም የማከፋፈያ መስመር ሲጓዝ ቮልቴጁ በመንገድ ይንጠባጠባል። ከትራንስፎርመሩ የራቀ ሰፈር፣ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት፣ 220 የተባለው 160 ሆኖ ሊደርሰው ይችላል። አምፖሉ ሲገረጣ እናያለን፤ የኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ግን አናይም። ዋቱ ካልቀነሰ ቮልቱ በቀነሰ ቁጥር አምፔሩ ይጨምራል። 400 ዋት በ220 ቮልት 1.8 አምፔር ነው፤ በ160 ቮልት 2.5 ይሆናል። ሽቦው ይግላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ይግላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለማኮብኮብ ያቆየው አቅሙ ያልቃል። መደበኛ ፍጥነት ላይ ያለ ኮምፒውተር በ160 ቮልት ተንገዳግዶ ይቆም ይሆናል። ኦቨርክሎክ የተደረገው ግን ጌሙ ሲከብድ ድንገት ከሚፈልጋት ጉርሻ ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። ባለቤቱ ‹‹ፕሮሰሰሯ አልቻለችም›› ይላል እንጂ ፕሮሰሰሯ ችላ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቀይዋ ማብሪያ ሳናወራ ብናልፍ ነውር ነው። የድሮ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ ስዊች ነበረችው። ቮልቴጁ ሲወርድ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ስዊቿን ወደ 115 ይገፋታል። ኮምፒውተሩ ይነሣል! ሰውዬው የሰፈር ጀግና ይሆናል! ምን እንደሆነ በቁጥር እንንገራችሁ። 230 ላይ ስትሆን 160 ቮልት ሲገባ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ላይ 226 ቮልት ያህል ይጠራቀማል፤ ያነሰ ቢሆንም አይገድልም። 115 ላይ ስትሆን ግን ውስጡ ያለው ሰርኪት ያንኑ እጥፍ ያደርገዋልና 450 አካባቢ ይገባል። ካፓሲተሮቹ በጋራ የሚችሉት ብዙውን ጊዜ 400 ነው። በዚህ ላይ ጎረቤት ምጣዱን ያወርዳል፤ መስመሩ ወደ 220 ይመለሳል፤ ውስጡ ከ600 በላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው። ዛሬ የሚሸጡት ደህና ደህና ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ቀይዋ ስዊች እየጠፋች ነው። አትናፍቅም።

‹‹ጄኔሬተር አለልን›› የሚልም ይኖራል። ጄኔሬተርም እንደ ሰው ነው፣ ተራራ ላይ ይተነፍሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን እያጣ ይወጣል። 10 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ደባርቅ ላይ ሰባት ተኩል ቢሰጥ እግዜር ይስጥልን ነው። ስለዚህ ሲገዛ ከሚያስፈልገው በላይ ይገዛል፣ ሲነዳ ከሚገባው በላይ ናፍጣ ይጠጣል። ዩፒኤስም ቢሆን ‹‹650›› የተጻፈበት ዋት ሳይሆን ሌላ መለኪያ ነው፤ በዋት 390 ቢሆን ነው። ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ከነግራፊክስ ካርዱ ሲሰካበት ገና መብራት በሄደበት ቅጽበት ጩኸቱን ለቅቆ አብሮ ይሄዳል።

ጄኔሬተሩን ያደከመው አየር ወደ ሁለተኛው ጉዳያችን ያደርሰናል። ደባርቅ ላይ ብርድ አለ ብለናል። ፋን ግን የሚያቀዘቅዘው በብርድ ሳይሆን በአየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ቀጭን ነው። በ2,850 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ዙር ይዞራል፣ ያንኑ ያህል መጠን አየር ይገፋል፣ በውስጡ ያለው የአየር ክብደት ግን ሲሦ ገደማ ጎድሏል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። የደጋ እናቶች ይህን ፊዚክስ በድስት ያውቁታል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ንፍሮው ግን አልበስል ይላል። ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነዋ!

ግምታዊ ሒሳብ እንሥራ። ቆላ ወርደን 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ያለች ፕሮሰሰር ከክፍሉ ሙቀት በላይ 45 ዲግሪ ብትጨምር 83 ትደርሳለች። ደባርቅ ላይ ክፍሉ 18 ነው፤ ሃያ ዲግሪ ትርፍ። ነገር ግን ቀጭኑ አየር ሥራውን ሩብ ያህል ስለሚያከብደው 45ቷ 56 ትሆንና ድምሩ 74 ይመጣል። ሃያ አገኘን ስንል ዘጠኝ ቀረልን። የሰርቨር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ‹‹ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደውን የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ቀንስ›› ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። በዚህ ስሌት ደባርቅ ስድስት ዲግሪ ተኩል ተቀንሶባታል።

የበለጠ የገረመን የሃርድ ዲስኩ ጉዳይ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንባቢዋ መርፌ ሳህኑን አትነካም፤ በሽክርክሪቱ በሚፈጠር ስስ የአየር ፍራሽ ላይ ትንሳፈፋለች። አየሩ ከሳሳ ፍራሹ ይሳሳል፣ መርፌዋ ትወርዳለች፣ ሳህኑን ልትቧጥጥ ትችላለች። ስለዚህ አብዛኞቹ መደበኛ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው ለሥራ የሚፈቀዱት። ደባርቅ በ200 ሜትር አመለጠች። ፓርኩ ውስጥ ያሉት ካምፖች ግን አላመለጡም፤ ሳንቃበር 3,250 አካባቢ፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ናቸው። ጭላዳ ሣር በሚነጭበት ሜዳ ላይ ተቀምጦ የዋልያ ቆጠራ በላፕቶፕ የሚመዘግብ ባለሙያ በፋብሪካው ሕግ ከተፈቀደው ከፍታ በላይ እየሠራ ነበር ማለት ነው። መርፌ የሌላቸው ኤስኤስዲዎች መጥተው ገላገሉን። (ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ማሽን ጠዋት እርጥብ አየር ሲገባበት ላብ ያወጣል። ቤቱ ሞቅ እስኪል ሳይበራ ቢቆይ ይሻለዋል።)

ባሕር ማዶዎቹስ ሙቀቱን እንዴት ተወጡት? አልተወጡትም። እ.ኤ.አ. በ2001 ‹‹ቶምስ ሃርድዌር›› የተባለው ድረ ገጽ እየሠራ ካለ አትሎን ፕሮሰሰር ላይ ማቀዝቀዣውን አንሥቶ ሲጨስ በቪዲዮ አሳየ፤ ዓለም ጉድ አለ። ኢንቴል በ2004 ያወጣት ‹‹ፕሬስኮት›› ፔንቲየም 4 እስከ 115 ዋት ትበላ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት የነበሩት ፕሮሰሰሮች ከአሥራ አምስት ዋት ብዙም ያልራቁ እንደነበሩ ስናስብ ነገሩ ምን ያህል እንደተበላሸ ይገባናል። ኢንቴል 4 ጊጋኸርዝ አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ሰረዘው። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት በአንድ ስብሰባ መድረክ ላይ በቀልድ መልክ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ቀልድ ይሁን እንጂ መንበርከኩ እውነት ነበር፤ ለሃያ ዓመት የተነዳው የፍጥነት እሽቅድምድም በሙቀት ተሸነፈ።

በዚያው ሰሞን እኛ አገር ‹‹ፕላዝማ›› ገባ። ከደቡብ አፍሪካ የተቀረፀ ትምህርት በሳተላይት ወርዶ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ይተላለፍ ጀመር። ከኛ ትንሽ ቀደም ያሉት ሁሉ ያስታውሱታል፤ መምህሩ አምስት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ስክሪኑ ያስተምራል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ አይጠብቅም። ሳተላይቱ ላይ ክፍለ ጊዜው ማንም ሳያየው ያልቃል። ኢንቴል ‹‹ሙቀቱ አላስኬደኝም›› ባለበት ዓመት የገጠር ተማሪ ‹‹መብራቱ አላስተማረኝም›› አለ።

ከዚያ በኋላ ዓለም አቅጣጫ ቀየረ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የወጡት ‹‹ኮር 2 ዱዎ›› ፕሮሰሰሮች በ65 ዋት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ያቺን 115 ዋት በላተኛ በጣጥሰው ጣሏት። ውድድሩ ‹‹በሰከንድ ስንት ምት?›› መሆኑ ቀርቶ ‹‹በአንድ ዋት ስንት ሥራ?›› ሆነ። በእኛ ፍርድ ለደባርቅ ከመጡት የኮምፒውተር ዜናዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በ15 ዋት ፕሮሰሰር የሚሠራ ላፕቶፕ፣ ከነባትሪው፣ ለምጣድ ሰዓት የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ መብራት ሲገረጣ አይደነግጥም፣ ሲሄድ አይሞትም። ኦቨርክሎኪንግ ደግሞ ወደ ሰርከስነት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤኤምዲ በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዞ 8.4 ጊጋኸርዝ አለፈ፤ በ2022 በዚያው ሂሊየም 9 ጊጋኸርዝ ታለፈ። ሂሊየሙ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ነውና የራስ ደጀን ውርጭ እዚያ ሠፈር ስም የለውም። ፋብሪካዎቹም ራሳቸው ኦቨርክሎክ አድርገው መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ ለቀቀ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ያቺ የ1990ዋ ‹‹ትንሽ ቮልቴጅ›› ከ26 ዓመት በኋላ ዕዳዋን ስትጠይቅ ማለት ነው።

አሁን ከሁሉም የሚያነጋግረው ላይ ደረስን። የሰሜን ተራሮች ዝናብ ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው። ተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ተመረቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አዲስ አበባ ራሷ በፈረቃ ስትበራ ስትጠፋ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ከዚያ በለስ፣ ጊቤ ሦስት፣ በመጨረሻም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ የህዳሴ ግድብ መጡ። ርካሽ ኃይልና ቀዝቃዛ ደጋ አንድ ላይ የታየው ባለገንዘብ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቢትኮይን ቆፋሪ! በየካቲት 2016 ዓ.ም. የወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ቆፋሪ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ ነበር፤ 19ኙ ቻይናውያን። ዋጋውም በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የሚከፍሉት በዶላር ስለሆነ የመሥሪያ ቤቱን ፍላጎት እንረዳለን፤ የዶላር ጥም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

ቆፋሪ ማሽን ማለት ፕሮሰሰርና ፋን ብቻ የሆነ ኮምፒውተር ነው። ‹‹ኤስ19 ፕሮ›› የሚባለው አንዱ 3,250 ዋት ይበላል፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል። ቆፋሪው ሌትና ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በቀን 78 ኪሎ ዋት ሰዓት እየበላ ይዞራል፤ ዋጋው ሲጥም ደግሞ ባለቤቶቹ ኦቨርክሎክ ያደርጉታል። በ2017 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አዲስ ቆፋሪ መቀበል ማቆሙ ተሰማ። ደግ አደረገ እንላለን፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መስመር ያልገባለት አገር ውስጥ ጥያቄው ዘግይቶ ነው የተነሣው።

ነገር ግን ቆፋሪው ቢሄድም ያ መብራት በቀጥታ ደባርቅ አይደርስም። ቆፋሪዎቹ የሰፈሩት ከፍተኛ ቮልቴጅ ካለበት ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ኃይሉን የሚወስዱት ከትልቁ ቧንቧ ነው። የደባርቅ ነዋሪ የሚጠጣው ደግሞ ከጎዳናው ምሰሶ ላይ ካለችው ትራንስፎርመርና ከሷ ከሚወርደው ሽቦ ነው። ግድቡ ቢሞላ ሽቦው አይወፍርም። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ አንድ ልጅ 50 ኮምፒውተር ያለው የማሠልጠኛ ቤት ልክፈት ቢል፣ እያንዳንዱ 200 ዋት ቢበላ ድምሩ 10 ኪሎ ዋት ነው፤ ሦስት ምጣድ። አገሪቱ ካመነጨችው ላይ ሲታይ ከቁጥር አይገባም። ልጁ ግን ፕሮሰሰር ከመምረጡ በፊት ቮልት መለኪያ ገዝቶ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ እንጀራ ሲጋግር ሶኬቱ ውስጥ ከትቶ ማንበብ አለበት። 210 ካለው ደህና ነው። 160 ካለው የመጀመሪያው ብሩ ስታቢላይዘር ላይ ይውላል፣ ሁለተኛው ዩፒኤስ ላይ፣ ለኮምፒውተሮቹ የሚተርፈው የቀረው ነው። መስኮቱን ከፍቶ የሚያስገባው ነፋስ ብቻ ነው በነፃ የሚያገኘው፤ እሱም ሲሦው ጎድሎ።